የጎጃምን አሮጌ ጎተራዎች ፎቶ ማንሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቆዩ ጎተራዎችን እየዞርኩ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደምበጫ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ያሉ ቀበሌዎች፤ አንዳንዱ ቤት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ካሜራ ወይም ጥሩ ስልክ ይዘው ወደ ገጠር ለመውጣት የሚያስቡ ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ስለሚመሳሰል መልሱን እዚህ አንድ ላይ አድርጌዋለሁ።

ጎተራ፣ ጎታ፣ ሪቅ ሲባል ሁሉም አንድ ነው?

አይደለም። ጎተራ ደጅ ነው የሚቆመው። ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይጎነጎንና ጭድ በገባበት ጭቃና በእበት ይለሰናል። አይጥ እንዳይደፍረው፣ የመሬት እርጥበትም እንዳይደርስበት በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ይቀመጣል። አናቱ ላይ የሣር ክዳን ይደፋለታል።

ጎታ የቤት ውስጥ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር ይቦካል፣ ከዚያ ቀለበት በቀለበት ይሠራል። የታችኛው ቀለበት ሳይጠነክር የላዩ ቢጫንበት ይሰምጣል፤ ስለዚህ ጎታ በአንድ ቀን አያልቅም። ከታች በኩል ጠባብ አፍ አለው፤ አፉ በጨርቅ ይወተፋል፣ እህል ሲፈለግ ጨርቁ ይነቀልና ቁና ይደገንለታል። ጎታ የሴቶች እጅ ሥራ ነው። ይህን ያዙት፣ ስለ ብርሃን ስናወራ እመለስበታለሁ።

ሪቅ የሚለውን ስም አንዱ ጋ ለደጁ ጎተራ፣ ሌላው ጋ ለሌላ ዓይነት ማስቀመጫ ሲሉት ሰምቻለሁ። ስሙ ከወረዳ ወረዳ ይለያያልና መዝገበ ቃላት ይዛችሁ ባለቤቱን አታርሙ። እሱ ያለውን ስም ከፎቶው ሥር ጻፉ።

የውጭ አገሩን የእህል ማከማቻ ኤሌቬተር ትለዋለህ፤ ኤሌቬተር ሲባል ሊፍት አይደለም እንዴ? ከእህል ጋር ምን አገናኘው?

ቃሉ አንድ ነው፣ ሥራውም አንድ ነው፤ ከፍ ማድረግ። ሰው የሚያወጣውን ሊፍት ወይም አሳንሰር እንለዋለን። የእህል ኤሌቬተር ደግሞ እህልን ወደ ላይ አውጥቶ በረጃጅም ማማዎች ውስጥ የሚያጠራቅም ሕንጻ ነው። በእንፋሎት የሚሠራው የመጀመሪያው የተተከለው በአሜሪካ፣ ቡፋሎ ከተማ ወደብ ላይ፣ በ1842 እ.ኤ.አ. ነው። ነጋዴው ጆሴፍ ዳርት አሠራው፣ መሐንዲሱ ሮበርት ደንባር ነደፈው። በቀበቶ ላይ የተደረደሩ ባልዲዎች ከመርከብ ሆድ ስንዴውን እየዛቁ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከላይ ከተደፋ በኋላ እህሉ በራሱ ክብደት ወደፈለጉበት ይወርዳል። ከዚያ በፊት ያንን ሥራ የሚሠራው የሰው ትከሻ ነበር። የእኛ ገጠር ዛሬም እንደዚያው ነው፤ አንዱ መሰላል ላይ ይቆማል፣ አንዱ ከታች ያቀብላል።

የመጀመሪያዎቹ ኤሌቬተሮች የእንጨት ስለነበሩ እሳት ይፈጃቸው ነበር። በ1899 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ፒቪና ቻርልስ ሃግሊን ሚኒሶታ ውስጥ ለሙከራ ክብ የኮንክሪት ማማ አቆሙ። እህሉ ሲሞላ ይፈነዳል ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። አልፈነዳም። ዛሬ በዓለም ላይ የምናያቸው ረጃጅም የኮንክሪት ሳይሎዎች የዚያ ልጆች ናቸው።

ክቡ ቅርጽ እንዲሁ አልተመረጠም። እህል እንደ ውኃ ወደ ጎን ይገፋል፤ ማዕዘን ያለው ግድግዳ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክብ ግድግዳ ግን ግፊቱን ዙሪያውን ይካፈለዋል። ጎታ የምትሠራ የጎጃም እናት ይህን ከማንም መሐንዲስ አልተማረችም፣ ግን ማዕዘን ያለው ጎታ ስትሠራ አይቼ አላውቅም።

ለፎቶ አንሺ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ኤሌቬተር የኩባንያ ንብረት ነው፣ ከባቡር ሐዲድ ወይም ከወደብ ዳር ቆሞ ከሩቅ ይታያል፤ መንገድ ላይ ሆናችሁ ብታነሱት የሚቀየማችሁ የለም። ጎተራ ግን የአንድ ቤት ነው። የቤቱ ጓዳ ወደ ደጅ ወጥቶ የቆመ ያህል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ፈቃድ እንዴት ልጠይቅ?

መጀመሪያ ካሜራው ከቦርሳ አይውጣ። አጥር ላይ ቁሙና "ቤቶች!" ብላችሁ ተጣሩ። ሰው ሲወጣ ሰላምታውን አታቻኩሉት፤ እንዴት አደራችሁ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ዋለ፣ አዝመራው እንዴት ሆነ ይባላል። ከየት እንደመጣችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ትጠየቃላችሁ፤ በደንብ መልሱ። የምታውቁት የአካባቢው ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ግማሹ ሥራ አለቀ። አባወራው ከሌሉ ለእማወራዋ ንገሩና ሌላ ቀን ተመለሱ። ልጆች ብቻ ባሉበት ቤት አንድም ፎቶ አታንሱ።

ለምን ይህን ያህል? ጎተራ የቤቱ ምስጢር ስለሆነ ነው። ስንት ኩንታል እንደገባ፣ ምን ያህል እንደቀረ ጎረቤት እንኳ አይጠይቅም። እህል ሲሰፈር ባየሁባቸው ቤቶች ቁጥር ጮክ ተብሎ አይጠራም፣ ወሬም አይወደድም፤ በረከት ይነሳል ይባላል። የሰው ዓይን የሚፈሩም አሉ። እምነቱን ብትጋሩም ባትጋሩም ያ ሰው በገዛ ደጁ ላይ ነው፣ ደንቡ የእሱ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸኛው ታሪክ ነው። ጎጃም ውስጥ መሣሪያ ይዞ እርሻና ጎተራ የሚያይ እንግዳ ብዙ ጊዜ ይዞት የመጣው ነገር ደግ አልነበረም። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው መሬቴ ሊለካ፣ ምርቴ ሊቆጠር ነው ብሎ በ1960 ዓ.ም. ተነሣ። ነገሩ እስከ ጦርነት ደረሰ፣ በመጨረሻ መንግሥት ግብሩን ለመተው ተገደደ። በደርግ ጊዜ ደግሞ የእህል ኮታ መጣ፤ ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፣ ያልደረሰለት ከገበያ ገዝቶ የሞላበት ጊዜ አለ። ዛሬ ጎተራቸው አጠገብ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ስትዘረጉ ፊታቸው የሚለወጥ አንድ አዛውንት ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ትራይፖድ ከሩቅ ሲያዩት የመሬት መለኪያ ይመስላል።

እኔ ይህን የተማርኩት ሰው አሳዝኜ ነው። በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው የቆሙ ሦስት ጎተራዎች አነሳሁ። አባወራው ፈቅደውልኝ ነበር። ፎቶው አማረኝና የቀበሌውን ስም ጽፌ ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት። ከሳምንት በኋላ ከተማ የሚኖር ልጃቸው ደወለልኝ። ዘመድ አይቶት፣ "አባትህ ሦስት ጎተራ ሙሉ እህል ይዞ ብድር የለኝም አለኝ" ብሎ ተቀይሟል። ፎቶውን ወዲያው ከኢንተርኔት አጠፋሁት፣ ሄጄም አዛውንቱን ይቅርታ ጠየቅሁ። ይቅር አሉኝ። ግን ያሉኝን አልረሳውም፦ "እኔ አንተን አስገባሁ እንጂ አገሩን ሁሉ አላስገባሁም።" ከዚያ ወዲህ ሁለት ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ አንዱ ለማንሳት፣ ሌላው ለማሳየት።

ቢከለክሉኝስ?

አመስግናችሁ ሂዱ። ገንዘብ አውጥታችሁ አትለማመጡ። ጊዜ ካላችሁ የቀረበላችሁን ጠላ ወይም ቡና ጠጡና ተጫወቱ፤ ፎቶ ሳላነሳ የወጣሁባቸው ሁለት ቤቶች በዓመቱ ራሳቸው ጠርተውኛል።

የትኛው ወር ይሻላል?

ምን እንደምትፈልጉ ይወስነዋል። ጎተራ ሲታደስ ማየት ከፈለጋችሁ አዝመራው ከመግባቱ በፊት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሂዱ፤ አዲስ ልስን ገና ሳይደርቅ ታገኛላችሁ፣ ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ሲደርቅ ወደ ግራጫ ይሄዳል። እህል ሲገባ ማየት ከፈለጋችሁ ታኅሣሥና ጥር። አውድማው፣ መንሹ፣ ላይዳው፣ በነፋስ የሚሄደው ገለባ፣ ሁሉም በዚያ ሰሞን ነው። ሰው ግን ሥራ ላይ ነው፤ አትጥመዱት፣ ከቻላችሁ መንሽ ያዙና አግዙ።

ባዶ ጎተራ በደንብ የሚታየው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ውስጡን አሳዩኝ ብሎ ለመጠየቅ ግን የማይመች ወቅት ነው፤ ያኔ ባዶነቱ ችግር ነው። እኔ በዚያ ወቅት ውስጡን አልጠይቅም።

በቀን ውስጥስ?

ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታም ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ። ጎጃም ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ከ10 ዲግሪ ሰሜን ብዙም አትርቅም። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በትክክል አናት ላይ ትሆናለች። በሌላውም ጊዜ እኩለ ቀን ላይ የሣር ክዳኑ ጥላ የጎተራውን ግማሽ አካል ይውጠዋል፤ ክዳኑ ነጭ ይሆናል፣ ሆዱ ጥቁር። ያንን በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል ልፋት ብቻ ነው።

ደመና ካለ ግን ቀኑን ሙሉ ማንሳት ትችላላችሁ። ደመናን የሚጠላ ፎቶ አንሺ ብዙ ነው። ጎተራ ግን ደመና ይወዳል፤ ጭቃውና ሣሩ እኩል ይታያሉ።

ስልክ ይበቃል?

ይበቃል፣ አንድ ነገር ከተጠነቀቃችሁ። ግቢ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ እጃችሁ ወደ ሰፊው ሌንስ ይሄዳል። ሰፊው ሌንስ ክብ የሆነውን ጎተራ ሆዱን ያሳብጠዋል፣ እግሩን ያቀጥነዋል፣ ቆሞ የሚወድቅ ያስመስለዋል። የመጀመሪያው ዓመት ፎቶዎቼ አብዛኞቹ በዚህ ተበላሹ። ወደ ኋላ ራቁ፣ ካስፈለገ አጥሩን አስፈቅዳችሁ ውጡና በስልኩ ሁለት እጥፍ አቅርባችሁ አንሱ። ካሜራ ለያዘ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በቂ ነው። ስልኩን ወይም ካሜራውን በጎተራው ወገብ ልክ ያዙት፤ ከቆማችሁበት ወደ ታች አታንሱት፣ ተቀምጣችሁም ወደ ላይ አታንሱት።

የቤት ውስጥ ጎታ ጨለማ ውስጥ ነው። ፍላሽ ልጠቀም?

አትጠቀሙ። ይህን ጥያቄ በጣም ስለምወደው ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ጎታ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ለስላሳ አይደለም። የልስኑ ገጽ ላይ የጣት ዱካ አለ። አራት ጣት ጎን ለጎን፣ ከታች ወደ ላይ በግማሽ ክብ የተሳበ፤ ከዚያ አጠገቡ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ። ደጀን አካባቢ አንድ ቤት ባየሁት ጎታ ላይ የትንሿ ጣት መስመር የለም፣ ሦስት ብቻ ነው የሚታየው። የቤቱ እመቤት ስጠይቃቸው፣ "የእናቴ ሥራ ነው፤ ትንሿ ጣቷ ማጭድ ከቆረጣት ወዲያ አትታጠፍላትም ነበር" አሉኝ። እናትየዋ ካረፉ ቆይተዋል። ፎቶ የላቸውም። ከእሳቸው የቀረው ምስል ያ ግድግዳ ነው።

ይህን ፍላሽ ያጠፋዋል። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ስለሚመታ ጥላ አይኖርም፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ የጣቱ ዱካ አይታይም። የሚፈለገው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው፤ እሱም አለ፣ በሩ ነው። በሩ በሰፊው እንዲከፈት ጠይቁ፣ እናንተ የብርሃኑን መንገድ ሳትዘጉ ከጎታው ትይዩ ቁሙ። ሌላው ወገን በጣም ከጨለመ ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ በጨለማው በኩል አንድ ሰው ዘርግቶ ይያዝላችሁ፤ ከበሩ የመጣውን ብርሃን መልሶ ይረጨዋል። ከተማ በብር የሚገዛው ማንጸባረቂያ ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም።

ካሜራው ይርጋ። ትራይፖድ ከሌለ ምሰሶ ላይ ደገፍ አድርጉት ወይም የተገለበጠ ሙቀጫ ላይ አስቀምጡት፣ በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ አንሱ። አይኤስኦውን (የካሜራውን ብርሃን የመቀበል አቅም) 400 አካባቢ አድርጉ፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) አንድ ሰከንድም ቢፈጅ ጎታ አይንቀሳቀስም። "ሮው" በሚባለው፣ ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት አንሱ፤ ጭስ ያጠቆረው ግድግዳና የበሩ ብርሃን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ምድጃው እየነደደ ከሆነ ትንሽ ጠብቁ፣ ጭሱ ሁሉን ነገር ያደበዝዘዋል።

ከአንድ ጎተራ ስንት ፎቶ ይበቃል?

እኔ ስድስት እወስዳለሁ፤ ሙሉው ከፊት፣ ሙሉው ከጎን፣ እግሩ፣ ክዳኑ ከአካሉ የሚገናኝበት፣ አፉ፣ የልስኑ ገጽ በቅርብ። ቁና ወይም መንሽ አጠገቡ ካለ ከቦታው አታንቀሳቅሱት፣ ለመጠን ማወዳደሪያ ይሆናል። ሜትር ካላችሁ ቁመቱንና ዙሪያውን ለኩ። ግን ሜትር ከማውጣታችሁ በፊት ስለ 1960 ዓ.ም. ከላይ የጻፍኩትን አስታውሱና ለምን እንደምትለኩ ተናገሩ።

ለዚህ ሥራ አርአያ ካስፈለጋችሁ በርንድና ሂላ ቤኸር የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት አሉ። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውኃ ማማዎችን፣ የብረት ማቅለጫዎችን፣ ሳይሎዎችንና የእህል ኤሌቬተሮችን ለአሥርተ ዓመታት አነሡ። ሰማዩ ደመናማ በሆነበት ጊዜ፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት አቀራረብ። ከዚያ ዘጠኙን ወይም አሥራ አምስቱን ፎቶ ጎን ለጎን ይደረድሩታል። አንዱን ብቻ ስታዩት ተራ ማማ ነው፤ ሲደረደሩ ግን የእያንዳንዱ ጠባይ ይወጣል።

ጎተራን እንደዚያ ደርድሬ ሳየው እኔም ደነገጥኩ። ደጋ ላይ፣ ወደ ጮቄ የቀረቡት አጠር ያሉና ክዳናቸው እስከ ወገባቸው የወረደ ናቸው፤ ዝናቡ ከባድ ነው፣ ጭቃው እንዳይታጠብ። ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ያገኘኋቸው ክዳናቸው አጭር፣ እግራቸው ረጅም ነው። ይህ እኔ ባየኋቸው ቤቶች ነው፤ እናንተም አንሡና ደርድሩት፣ ምን እንደሚወጣ እንይ።

ጎተራው ውስጥ ገብቼ ላንሳ?

አይሆንም። ለጎተራውም ለእናንተም። የቆየ ጎተራ የሰው ክብደት አይችልም፣ ክዳኑ ላይ መውጣትም ሣሩን ይሰብራል፣ የመጀመሪያው ዝናብ እህል ያበላሽባቸዋል።

የከፋው ግን ታፍኖ የቆየ እህል ነው። እህል ይተነፍሳል፤ ነቀዙም ይተነፍሳል። በተዘጋ ቦታ ኦክሲጅኑን ይጨርሱና የተቃጠለ አየር ይተዋሉ። ሐረርጌ ውስጥ የተለመደው የጉድጓድ ማከማቻ ሲከፈት ወዲያው ሰው የማይገባበት በዚህ ምክንያት ነው። ዓይን አያየውም፣ አፍንጫ አያሸተውም። ካሜራውን በእንጨት አስራችሁ ከላይ አውርዱት እንጂ ራሳችሁን አታውርዱ።

በትልልቅ መጋዘንና ሳይሎ ሌላ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው የነቀዝ ኪኒን ነው። እርጥበት ሲያገኘው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይመስላል፤ ሽታ አልሸተተኝም ማለት ግን ጋዙ የለም ማለት አይደለም። መድኃኒት የተደረገበት ቤት ሳይናፈስና ኃላፊው ሳይፈቅድ እግራችሁን አታስገቡ። ሁለተኛው አቧራ ነው። አየር ላይ የተንሳፈፈ የእህል ብናኝ እሳት ካገኘው ይፈነዳል። በታኅሣሥ 1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ግዛት፣ ዌስትዌጎ የነበረው ኤሌቬተር በዚህ ፈንድቶ 36 ሰው ሞቷል። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ባልዲ የተደረደረበት የእህል ማውጫ ስታነሱ ፍላሽም ሆነ መብራት ከማውጣታችሁ በፊት የማሽኑን ሠራተኛ ጠይቁ።

የተከመረ እህል ላይ መቆምም አደገኛ ነው። ከሥር እየተቀዳ ከሆነ እንደ ረግረግ ይውጣል፣ ጉልበት ከዋጠ በኋላ በራስ አቅም መውጣት የለም።

የመንግሥት መጋዘኖችንስ ማንሳት ይቻላል?

ከደብዳቤ ጋር። በየከተማው ዳር የሚታዩት ረጃጅም የቆርቆሮ መጋዘኖች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የኮታውን እህል የሚሰበስብበት ዘመን ነበር፤ የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህል ንግዱ ተለቀቀ። አንድ የቀድሞ መጋዘን በር ላይ በቀለም ተጽፎ የደበዘዘ የኩንታል ቁጥር አይቻለሁ፤ ከጎተራ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ብዙ ይናገራል። ግን ጥበቃው ሥራው ነው፣ አትጋፉት፤ ከኃላፊው ቢሮ ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ። ቀበሌም ሆነ ወረዳ አስቀድሞ ማሳወቅ ዛሬ ግዴታ ሆኗል በሉ፤ ጸጥታው ባልተረጋጋበት አካባቢ ደግሞ ጉዞውን ተዉት፣ ጎተራው ይጠብቃችኋል። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ገጠር ላይ ሰማይ ላይ የሚጮኽ ነገር ሕፃናትን ከሜዳ እያሯሯጠ የሚያስገባ ሆኗል።

አዲስ አበባ ጎተራ የሚባለው ሰፈር ስምም ከእህል ማከማቻ የመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ነው የጻፍኩት።

ለምንድን ነው እየጠፉ ያሉት?

ማዳበሪያ ከረጢት ስላለ። ቆርቆሮ ስለመጣ። ቀርከሃው ስለተወደደ። ሌባም አለ፤ ደጅ የቆመ ጎተራ በሌሊት ይበሳል፣ ከረጢት ግን መኝታ አጠገብ ይደረደራል። አሁን ደግሞ ሦስት ድርብ ያለው፣ አየር የማያስገባው ከረጢት ገጠር ገብቷል፤ ነቀዙ ውስጡ ታፍኖ ይሞታል፣ ኪኒን አያስፈልግም። ለገበሬው ይህ ይሻላል፣ እኔም ይሻላል እላለሁ። በቆሎ ግማሹ በነቀዝ ሲበላ ያየ ሰው ለፎቶ ሲባል ጎተራችሁን አታፍርሱ ብሎ አይናገርም። እኛ ማድረግ የምንችለው ሳይፈርስ መድረስ ነው።

ከፎቶው ጋር ምን ልመዝግብ?

ማን ሠራው፣ ከምን፣ ቀርከሃው ከየት መጣ፣ ምን እህል ይገባበት ነበር፣ መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው። ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፣ ክስተት ጠይቁ፤ "መሬት ላራሹ ሲታወጅ ነበረ?" ብትሉ 1967 ዓ.ም.ን በአንድ ጥያቄ ታገኛላችሁ። "የበኩር ልጅዎ ሲወለድ ነበረ?" ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የተናገሩትን በድምፅ ቅዱ፣ ከፈቀዱ።

የስልኩን የቦታ መጠቆሚያ ግን አጥፉ። ወረዳው ይበቃል። ስንት ኩንታል እንደሚይዝ ብታውቁም ለራሳችሁ ያዙት።

ፎቶውን ለባለቤቶቹ መመለስ አለብኝ?

አዎ፣ በወረቀት። ስልክ ላይ ማሳየት መመለስ አይደለም። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትሙና በፕላስቲክ አስለብጡት፣ የቤቱ ጭስ በአንድ ክረምት ያጠቁረዋልና። ጎተራው ብቻ ያለበትን አንድ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ጎተራው ፊት ቆመው የተነሡትን አንድ፤ ሁለተኛውን ነው የሚፈልጉት። ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ በገበያ ቀን ከዚያ ቀበሌ ለሚመጣ ሰው ስጡት፣ ይደርሳል።

የጣት ዱካውን ጎታ ፎቶ ይዤ ስመለስ እመቤቲቱ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አዩት። ጣታቸውን በሦስቱ መስመሮች ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ፤ ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው፣ "ና የአያትህን እጅ እይ" አሉት።